ቀድሞ የጮኸው ሳይረን

በብሪንደል ከተማ ማዘጋጃ ቤት ጣሪያ ላይ ያለው ሳይረን በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ይጮህ ነበር። ሰው ሲሰማው ሥራውን አቁሞ ምሳውን ይበላል። እሳት ሲነሳም የሚጮኸው እሱው ነው። ቁልፉን የምትጫነው የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ላቨርን ነበረች።

ኤልደን ፕሮኮፕ ሐዲዱ ዳር ባለው የእህል ጎተራ ይሠራል፤ እንደ ከተማው ጎበዞች ሁሉ በፈቃደኝነት እሳት አጥፊም ነው። ከላቨርን ጋር የተዋወቁት የእናቱ ቤት ቧንቧ በብርድ ፈንድቶ ማዘጋጃ ቤት ሊያመለክት የመጣ ዕለት ነው። አያትና የመጣበትን ረስቶ ቀረ።

«ውሃው እየፈሰሰ ነው ወይስ ቆሟል?» አለችው።

«እየፈሰሰ ነው።»

«ታዲያ አንተ ለምን ቆምክ?»

ከዚያ ወዲህ ሳይረኑ ሲጮህ ኤልደን ታጥቦ፣ ጸጉሩን አበጥሮ ወደ እሷ ይመጣል። ሾርባ ተካፍለው ይበላሉ። ቀለበትም አሰረላት። የጎተራው አለቃ ግን ሳይረኑ ሳይጮህ ሰው አይለቅም። ስለዚህ ላቨርን ቁልፉን ቀደም አድርጋ መጫን ጀመረች፤ መጀመሪያ በትንሹ፣ ኋላ ደግሞ በብዙ። ማንም አልተቆጣም። ሱቅ ውስጥ «ላቨርን ዛሬም ናፈቃት» እያሉ ይስቁ ነበር። ደስታ የሚያስፈራው እንዲህ ሰው ሁሉ ሲስቅለት ነው።

የኤልደን እናት ወይዘሮ ፕሮኮፕ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ውስጥ ያለውን የከተማውን ሙዚየም ይጠብቃሉ። በመጋቢት ወር አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከዚያ ስልክ ደወሉ።

«ላቨርን፣ ልጄ፣ ከምድጃው የተነሳ እሳት ጣሪያውን ያዘው። ሰዎቹን ጥሪያቸው።»

ላቨርን ቁልፉን ተጫነች። በመስኮት ስታይ ዳቦ ጋጋሪው ሰዓቱን አይቶ ሳቀ። ጋራዡ ጋ ያለው ሰውዬ መፍቻውን አስቀምጦ ወደ ቤቱ አዘገመ። ደግማ ተጫነች። ያን ጊዜ ኤልደን ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ ፈገግ ብሎ ከበሩ ደረሰ።

«ዛሬስ ባሰብሽ» አላት።

«ጣቢያው ነው፣ ኤልደን። እናትህ።»

ፈገግታው ከፊቱ ቶሎ አልጠፋም። ላቨርን ያንን ፊት መቼም አልረሳችውም።

ወይዘሮ ፕሮኮፕ ሰው ጠብቀው ሲያጡ፣ የመጀመሪያዎቹን ሰፋሪዎች ፎቶግራፎች ለማውጣት ብቻቸውን ገብተው ሁለቱም እጃቸው ተቃጠለ።

ላቨርን ቀለበቱን መለሰች። «እጃቸውን እያየሁ ምን ዓይነት ትዳር ይሆናል?» አለችው።

«ሳይረን ሰምቼ ጸጉሬን ያበጠርኩት እኔ አይደለሁም?» አለ ኤልደን። ቀለበቱን ኪሱ ከተተው።

በማግስቱ ብቻዋን ሆስፒታል ሄደች። የወይዘሮ ፕሮኮፕ እጆች እስከ ክርን ተጠቅልለዋል።

«በእኔ ነው» አለች ላቨርን። «ሰዎቹ ያልመጡት ቀድሜ መጫን ስላበዛሁ ነው።»

«አውቃለሁ። ሲጮህ ውጭ ቆሜ ነበር። ይሄኔ ልጄ ጸጉሩን እያበጠረ ነው አልኩና ገባሁ።»

ላቨርን አቀርቅራ አለቀሰች። ሴትዮዋ አላባበሏትም፤ እስክትጨርስ ጠበቁ።

«በእነዚህ እጆች ማንኪያ አልይዝም» አሉ ኋላ። «ነገ ሾርባ ይዘሽ ነይ። የምታጎርሺኝ አንቺ ነሽ። ቀለበቱንም ተቀበይው። ሁለት ጥፋተኛ አንድ ቤት ይግባ፤ ለምን ሁለት ቤት ይበላሻል?»

በመከር ተጋቡ። ማዘጋጃ ቤቱ የእኩለ ቀኑን ሳይረን አስቀረው፤ አሁን ለእሳት ብቻ ይጮሃል። በምሳ ሰዓት ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ይቀርባሉ። ላቨርን አስቀድማ አማቷን ታጎርሳለች። ከዚያ እሷና ባሏ ማንኪያቸውን ሳያነሱ ሳይረኑ ይጮህ እንደሆን ያዳምጣሉ።

«ብሉ እንጂ፣ ቀዘቀዘ» ይላሉ አሮጊቷ።

ኤልደን ግን ከእሳቱ ቀን ወዲህ ጸጉሩን አበጥሮ ለምሳ መጥቶ አያውቅም።