ፊልሙ ላይ የደረቀው ውሃ

«እንዴ!» አለች። ድምጿ የራሷ አልመስል አላት።

ከትምህርት ቤት ለምሳ እንደመጣች ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ነበር መታጠቢያ ቤት ዘው ያለችው። በልብስ መቆንጠጫ የሰቀለችው የካሜራ ፊልም አድሮ ደርቋል። እንዳይጠቀለል ከታች ያንጠለጠለችበት ሌላኛው መቆንጠጫም እንዳለ ነው። ወደ መስኮቱ ዘርጋ አድርጋ ስታየው ግን ፊልሙን ከላይ እስከ ታች ነጫጭ፣ ክብ ክብ ነጠብጣብ ወሮታል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ውሃው እየወረደ የደረቀበት መስመር ተጋድሟል።

ቤት ውስጥ «ጥንቅቅ» ነው የምትባለው። ስሙን ያወጣችላት አብራት የምትኖረው ፎቶ አንሺ አክስቷ ናት። ልጅቷ ዕቃ አትሰብርም፣ የደብተሯ ጠርዝ አይታጠፍም፣ ጫማዋን እንኳ አፍንጫውን አስተካክላ ነው የምታስቀምጠው። ትናንት አክስቷ «በይ፣ ይቺን ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንቺው እጠቢያት» ብላ ያስረከበቻትም ለዚሁ ነው።

ፊልሙ ላይ ያሉት ከሕንፃው ምድር ቤት የሚሠራው ልብስ ሰፊ አባት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ። ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን በባርኔጣ የሚከልሉ ሰው ነበሩ። ሰኞ ዕለት ግን አክስቷ በነገር እየጎነታተለች አራት ጊዜ አነሳቻቸው። በሦስቱ እጃቸው ፊታቸው ላይ ነው። በአራተኛው ብቻ ጥርሳቸው እስኪታይ ስቀዋል።

ጥንቅቅ ማጉያ መነጽሩን አንስታ አራተኛዋን አየች። ሦስት ነጠብጣቦች ጉንጫቸው ላይ፣ አንድ ረጅም መስመር ደግሞ ትከሻቸው ላይ።

«ተበላሁ!» አለች ለራሷ።

ይህን ጊዜ የሳሎኑ በር ተንኳኳ። አክስቷ ስትከፍት ልብስ ሰፊው ቆሟል። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ማውለቁን ረስቶታል።

«አባባ...» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «ጠዋት አረፉ። ተኝተው በዚያው ቀሩ።»

«ምን? ትናንት ደረጃው ላይ አግኝቻቸው አልነበር እንዴ!» አለች አክስቷ።

«እኔም ትናንት አብሬያቸው ሳወራ ነበር» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያቺ ፎቶ ደርሳለች? ሌላ የላቸውም እኮ። አንድም።»

«ነገ ጠዋት ትደርሳለች። አንተ አታስብ።»

ጥንቅቅ ከመታጠቢያ ቤቱ ሆና ሰማችው። ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። ሽማግሌው ትናንት ሲያገኟት «ጫማሽ ከእኔ ራስ በላይ ያብረቀርቃል» ብለው መላጣቸውን መታ መታ አድርገው አስቀዋት ነበር። ትናንት!

አክስቷ ገባች። ፊልሙን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ምን ሆኖ ነው? ከጋራዡ በገዛነው፣ ጨው በሌለው የባትሪ ውሃ አላለቀለቅሽውም?»

«በጠርሙሱ ውሃ ነው ያለቀለቅኩት።»

«የማለቅለቂያውን ጠብታስ?»

«ሁለት ጠብታ አድርጌያለሁ።»

አክስቷ የማለቅለቂያውን ብልቃጥ አንስታ ገልበጥ አድርጋ አየችው። «እንግዲያው ይሄ ነገር አርጅቷል። ውሃው ጠብታ ሳይቋጥር ተንሸራትቶ እንዲወርድ የሚያደርገው እኮ እሱ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳላየው ሰጠሁሽ።» ፊልሙ የሚነከርበትን ሳህን አስቀመጠችና የባትሪ ውሃውን ጠርሙስ ከፈተች። «የውሃ ጨው ከሆነ እንደገና ሲነከር ይለቃል። ግን የፊልሙ ፊት ስስ ነው፤ ደጋግመን ብናረጥበው ይላጣል። አንድ ዕድል ነው ያለን።»

ጠርሙሱ ዘንበል አለ። ጥንቅቅ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደች። ትናንት ጠርሙሱ ከእጇ አምልጦ ንጹሑ ውሃ በሙሉ ወለሉ ላይ ፈሶ ነበር። ደረቅ አድርጋ ወለወለችው። ጋራዡ ደርሶ መመለስ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን «የት ነው የምትሄጂው?» ብትባል ምን ልትል ነው? ጥንቅቅ ዕቃ አይወድቅባትም። ስለዚህ ከቧንቧው ቀድታ ሞላችው። ሁለቱም ጥርት ያሉ ናቸው፤ ማን ይለያቸዋል?

«በሱ እንዳትነክሪው!» ብላ ጮኸች።

አክስቷ ደንግጣ ዞረች።

«የቧንቧ ነው። የባትሪ ውሃው ትናንት ከእጄ አምልጦ ፈሰሰ። ከቧንቧ ሞላሁት።»

«ምን አልሽ?»

ጥንቅቅ የፈሰሰበትን ወለል በጣቷ አሳየቻት።

«እና ምን ነበረበት ብትነግሪኝ?»

«ጥንቅቅ ትዪኛለሽ እኮ» አለች፤ እንባዋ መጣ።

አክስቷ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ጠርሙሱን ደፍታ አቀበለቻትና «ሩጪ» አለች።

ጥንቅቅ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች። የጋራዡ ሰውዬ ጠርሙሱን እያቀበላት «መኪና የላችሁ፣ ባትሪ የላችሁ፣ ይሄን ውሃ ትጠጡታላችሁ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እሷ መሳቅ አልቻለችም።

ስትመለስ አክስቷ አቧራው እንዲረግብ የሞቀ ሻወር ለቅቃ መታጠቢያ ቤቱን በእንፋሎት ሞልታው ጠበቀቻት። ፊልሙን በአዲሱ ውሃ ነከሩት። ገና ካልተከፈተ ሌላ የማለቅለቂያ ብልቃጥ ሁለት ጠብታ ብቻ ጨመሩ፤ ከበዛ እሱም ራሱ ምልክት ይተዋል። አልጠረጉትም፣ በጣት አልጨመቁትም፣ ቬንትሌተር አልከፈቱበትም። ውሃው በአንድ ጠርዝ ተሰብስቦ እንዲወርድ ሰያፍ አድርገው ሰቀሉትና በሩን ዘግተው ወጡ። ለከሰዓት ትምህርት መሄድ የሚባል ነገር አልተነሳም።

አሥር ሰዓት ሲሆን አብረው ገቡ። ማጉያውን መጀመሪያ ያነሳችው አክስቷ ናት።

«ጉንጫቸው ጠርቷል» አለች ቀስ ብላ። «የትከሻቸው መስመር ግን አልለቀቀም። ፊልሙ ውስጥ ገብቷል።»

«በእኔ...»

«ስናትመው በብሩሽ እሸፍነዋለሁ። አይታወቅም። ለልብስ ሰፊውም አትነግሪውም፤ ሰውየው የደረሰበት ይበቃዋል።»

ጥንቅቅ ማጉያውን ተቀብላ መስመሩን አየችው።

በማግስቱ ጠዋት ፎቶውን እሷው ይዛ ወረደች። የስፌት መኪናው ወደ ጥግ ተገፍቶ ቤቱ በወንበር ተሞልቷል። ልብስ ሰፊው ፖስታውን ከፍቶ አየ፤ አየና በሳቅና በለቅሶ መሃል ያለ ድምፅ አወጣ።

«ጥርሳቸውን እዩት!» አለ ለተቀመጡት። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «ያጠብሽው አንቺ ነሽ አሉ። እጅሽ ይባረክ፣ የኔ ልጅ።»

ምስጋናው እንደ ጥፊ ነበር። ፊቷ ጋለ። ዓይኗ ሳታስበው ፎቶው ውስጥ በአባትየው ትከሻ ላይ አረፈ፤ መስመሩ የለም። አክስቷ እውነቷን ነው፤ ማንም አያየውም። «አሜን» ብላ መሄድ ትችላለች።

«ጋሼ» አለች። «ስለዚህ ፎቶ የምነግርዎት ነገር አለ። ዛሬ አይደለም። እንግዶቹ ሲሄዱ፣ ትንሽ ሲቀልልዎት።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ደግ ነገር አይደለም። ግን እኔው ራሴ መጥቼ ነው የምነግርዎት። እሑድ ይመችዎታል?»

ልብስ ሰፊው ግራ ገብቶት ለአፍታ አያት።

«እሑድ እዚሁ እኖራለሁ» አለ።