የፈይሳን ማሊያ ያጠብኩ ለት

ከነቀምቴ እስከ ደምቢ ዶሎ ቢታሰስ የበረዶ ሆኪ ማሊያን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አይገኝም፣ ጨዋታውን ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም፣ በረዶም ቢሆን ከሰማይ ወርዶ ቆርቆሮዬን ሲደበድብ እንጂ ሰው ስለት ባለው ጫማ ሲንሸራተትበት አላየሁም፣ ብቻ ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ ሃያ ዓመት የሰፋሁ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ስፌት አይዋሸኝም። መንፈስ ምናምን የሚሉትን ደግሞ ድሮም አላምንም፣ ጎረቤቶቼ ሲጸልዩ እኔ ቀልድ እፈጥር ነበር። ይህን ግን እመነኝ።

ልባሽ ጨርቅ ተራ ቦንዳ ሲፈታ አንዳንዴ ከሹራቡ መሀል ድንኳን የሚያህል ማሊያ ይወጣል፣ ሌላው ሰው ለብርድ ይገዛዋል፣ እኔና የፊዚክስ አስተማሪው ፈይሳ ግን እንሰበስበዋለን። አዲሱን አንፈልግም፣ ተጫዋቹ ለብሶ የተላተመበትን፣ ክርኑ ተቀዶ በጥድፊያ የተሰፋውን ነው የምንፈልገው። ሕጋችን አንድ ነው፣ አይታጠብም። ምስክሩ እድፉ ነው፣ እድፉ ከለቀቀ የቀረህ ጨርቅ ነው።

እኔ አሥራ አንድ ነበረኝ። ፈይሳ ያለው አንድ ነው፣ ግን ምን ዓይነት አንድ! ቀኝ እጅጌው ላይ ደም የደረቀበት! እኔ ቦንዳው ውስጥ እስከ ወገቤ ገብቼ ስቆፍር እሱ ከላዬ እጁን ሰዶ መዘዘው፣ ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመስኩም ብል የጨመርኩት ትንሽ ነው።

አንድ የሐምሌ ረፋድ ማሊያውን በፌስታል ይዞ ሱቄ መጣ።

«አካም ጅርታ፣ ኦቦሌሳ ኮ» ብሎ እንደ ወንድም ሰላም አለኝ፣ «ጊምቢ የአክስቴ ለቅሶ አለብኝ፣ ቤቴ ደግሞ ያፈሳል። ማሎ፣ እባክህ፣ ውሃ እንዳይነካብኝ አንተ ጋ ይቆይ።»

«እኔን አምነህ?»

«ካንተ በላይ ዋጋውን ማን ያውቃል?» ብሎ ሳቀ። ያቺ ሳቅ አንገበገበችኝ።

እንደሄደ በሩን ቀረቀርኩ። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልህም፣ ራሴ ነኝ። ሳፋ ሞላሁ፣ ሳሙና በተንኩ፣ እጅጌውን ነክሬ ማሸት ጀመርኩ፣ ደሙ ከለቀቀ በኋላ «ጣራዬ አፈሰሰ» ልለው ነበር።

መጀመሪያ ውሃው ቀዘቀዘ፣ ጣቶቼ የራሴ አልመስል አሉኝ። ከዚያ ሽርርጥ... ሽርርጥ... ቢላ ሞረድ ላይ ሲሳል ዓይነት ድምፅ መጣ። ጎረቤቴ ሥጋ ቤት ነው አልኩ፣ ሥጋ ቤቱ ግን ዝግ ነበር። ድምፁ ይዞራል፣ በስፌት መኪናዬ ዙሪያ፣ በመስታወቱ ስር፣ ይርቃል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ በመጨረሻ ከጀርባዬ ጥርቅም ብሎ ቆመ። ትንፋሼ ከአፌ ነጭ እንፋሎት ሆኖ ሲወጣ አየሁ፣ ወላሂ፣ ከትከሻዬ በላይ ደግሞ ሌላ እንፋሎት ወጣ። ያኔ በእጄ የያዝኩት እጅጌ ሞላ፣ ከውስጥ ክንድ እንደገባበት።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ማዶ አትክልት የምትሸጠው ዲንቂቱ ሸራዋ ስር ገባሁ።

«ያ ዋቃ! ጢምህ ላይ ምንድን ነው ነጩ?»

«የሳሙና አረፋ ነው።»

«አረፋ እንዲህ ይደርቃል? በጥፍሬ እኮ ተሰበረ!»

ስመለስ በሩ እኔው ከፍቼ እንደወጣሁት ነው፣ የሳፋው ውሃ በግ የታረደበት መስሏል፣ ማሊያው ወንበሬ ላይ ተዘርግቷል፣ ደረቅ። ደሙም ቦታው ላይ ነው፣ ያው መጠን፣ ያው ቅርፅ።

ፈይሳ ከለቅሶ ተመልሶ እጅጌውን አሸተተና አቀፈኝ። «ገለቶሚ፣ ጠብታ አልነካውም!»

ከሳምንት በኋላ ሻይ ቤት አገኘሁት፣ ጋቢ ደርቧል። «ሰሞኑን ቤቴ ምን እንደሚበርደኝ!» አለ፣ «ሌሊት ደግሞ የሆነ ነገር ይፋቃል፣ አይጥ ነው መሰለኝ።»

ልነግረው ነበር፣ እመነኝ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ቀናሁ። ሰውየው ያለው አንድ ማሊያ፣ እሱም ደሙ የፈሰሰው ተጫዋች መጥቶ ያድርበታል፣ የእኔ አሥራ አንዱ ጭጭ ያሉ! ሱቄ ገባሁ፣ ያንኑ ሳፋ ሞላሁ፣ ያንኑ ሳሙና በተንኩ፣ በየተራ እየነከርኩ እስኪመሽ አሸሁ፣ እያሸሁም ጆሮዬን አቆምኩ።

አሥራ አንዱንም አጠብኳቸው። ለአንዱም ማንም አልመጣም።