ለእንግዳ የተሰናዳ ሳሎን

አናጢው ሳሎኑ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርሯል። መሰላሉ ጎኑ ወድቋል። ከሁለት ዓመት በፊት የሞተችው ሚስቱ ከግድግዳው ላይ በፎቶ ቁልቁል ታየዋለች። የዚያን ዕለት በዘጠኝ ሰዓት፣ ሊያገባት ያሰባት ነርስ ቤቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ልታይ ቀጠሮ ነበራት። መጥታም አየችው፤ ምን ዋጋ አለው!

የፖሊስ መርማሪዋ ጉልበቷን እያሻሸች ከሬሳው አጠገብ ተነሳች። ሬሳ ማየት ለምዳለች፤ አንጀቷን የበላት አዲሱ መጋረጃ ነው።

«መሰላሉ ከድቶት ነው» አለ የሟች ታናሽ ወንድም፣ ቁመቱ በሩን የሚያክል። «ፎቶ ሲሰቅል ወደቀ። ሌላ ምን ይፈለጋል?»

«ሴት የሚጠብቅ ወንድ የሟች ሚስቱን ፎቶ ይሰቅላል እንዴ?» አለች መርማሪዋ።

ወንድምየው ቀና ብሎ ፎቶውን አየ።

ነርሷ ቦርሳዋን አቅፋ ጥግ ቆማለች። «ቤትህን ሳላይ እሺ አልልም ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ወንድ ሻይ ቤት ሲቀጥርሽ አፉን ያሳምራል፤ ቤቱ ግን ሁሉን ይናገርበታል ብዬ። ምነው አፌን በቆረጠው!»

የሟች ሚስት አባት፣ ሽማግሌው ጫማ ሰፊ፣ ወንበር ላይ ኩርምት ብለዋል። ልጃቸው ከሞተች ወዲህም አናጢው ጓሮ ካለችው ክፍል አላስወጣቸውም፤ ከዚያች ክፍል ሌላ መጠጊያ የላቸውም። አዲስ ሚስት ልትመጣ ነው ከተባለ ጀምሮ ግን እንቅልፍ አጥተዋል።

«ምንም አልሰማሁም ልጄ፣ ሶል እየመታሁ ነበር» አሉ።

መርማሪዋ አዲሱን ጠረጴዛ ጎንበስ ብላ አየች። ከሥሩ በእርሳስ «ሳሎን፣ መስኮቱ ጋ» ተብሎ ተጽፏል።

«ሁሌ እንዲህ ነው» አለ ወንድምየው። «የቱ ዕቃ የት እንደሚገባ ከጀርባው ይጽፋል።»

ሦስቱንም ግድግዳው ፊት ሰበሰበቻቸው። በርጩማ ላይ ወጥታ ከፎቶው አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ያለውን ግድግዳ ነካችና ነጭ የሆነ ጣቷን አሳየቻቸው።

«ስቱኮ ነው፤ ገና አልደረቀም። አናጢው ፎቶውን አውርዶ፣ ሚስማሩን ነቅሎ፣ ቀዳዳውን ደፍኗል። ስለዚህ ፎቶውን መልሶ የሰቀለው ሌላ ሰው ነው። ያውም መሰላል ሳይወጣ፣ እጁ እስከደረሰበት። አንተ ብትሆን የድሮው ቦታ ይደርስልህ ነበር። ነርሷስ የሚስቱን ፎቶ ምን ብላ ትሰቅላለች?» ፎቶውን አውርዳ ሚስማሩን ነቀለች። «ዋናው ይኼ ነው። አናጢ ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ ድንክ ሚስማር አይመታም። የተረከዝ ሚስማር ነው።»

ሁሉም ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

«ልጄን መሬት አስቀምጧት አየሁ» አሉ ሽማግሌው። «ነገ እኔንም ከቤቱ ሊያወጣኝ ነው አልኩ። ውረድ ብዬ መሰላሉን ነቀነቅኩት። እንዲወርድ ነው እንጂ እንዲሞትማ አላልኩም! ከዚያ እሷን መሬት ላይ ትቼ መሄድ አቃተኝ።»

መርማሪዋ ፎቶውን ገለበጠችና ጀርባው ላይ በእርሳስ የተጻፈውን አነበበች።

«ጽሕፈቱን አይቼዋለሁ፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ምን ይላል?» አሉ ሽማግሌው።

ባታነብላቸው በወደደች። «‹የአባባ ክፍል፣ ከአልጋው ትይዩ› ይላል።»

«አያስወጣዎትም ነበር፣ አባባ» አለች ነርሷ እንባዋ እየወረደ። «ገና ስንተዋወቅ ነው የነገረኝ። ‹እሳቸው ከእኔ ጋር ናቸው፤ የምትችይ ከሆነ ነይ› አለኝ። እችላለሁ ልለው ነበር የመጣሁት።»

ወንድምየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«እና ዛሬ የት ነው የማድረው?» አሉ ሽማግሌው።

መርማሪዋ ክንዳቸውን ይዛ ከወንበሩ አስነሳቻቸው።

«እኛ ጋ ነው፣ አባባ።»