በወለተ ኪዳን ፍትሐት ላይ የተሰማው ድምፅ

አስቀድሜ ሰዎቹን ላስተዋውቃችሁ። እኔ ታደሰ ነኝ፣ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ፣ ቤቴ ደሴ። ባለቤቴ አበቡ ትባላለች። ልጃችን ትርንጎ፣ የክርስትና ስሟ ወለተ ኪዳን፣ ቤሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ። መምሬ ጥላሁን የደብራችን ቄስና የንስሐ አባታችን ናቸው። ሰይድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ማዶ ኢንተርኔት ቤት ያለው ጎረቤታችን፣ ሙስሊም ነው፣ ግን ለጸሎታችን የኢንተርኔት መስመር በአጥር አሳልፎ ያለ ክፍያ የሰጠን እሱ ነው። ሌላ ሰው አላበዛባችሁም።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ኤሌክትሪክን ከመጽሐፍ እያነበብኩ፣ በእጄ እየነካሁ ራሴን አስተምሬያለሁ፣ ኮምፒውተሩንም እንደዚያው፣ እና ሰው ጋኔን ጮኸብኝ ሲለኝ የላላ ሽቦ የምፈልግ፣ ጥላ አየሁ ሲለኝ ቀና ብዬ አምፖሉን የምመለከት ሰው ነኝ፣ ልጆቼንም በዚሁ ነው ያሳደግኋቸው። ስለዚህ የምነግራችሁን እንደ ምስክር ቃል ውሰዱት።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙን ካከበርን በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ያኔ ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከገራዶም ልጃገረዶች በደላላ እጅ ወደ ዓረብ አገር ይጎርፉ ነበር፣ ወላጅም ልጁን ሸኝቶ ሲመለስ የሚላክለትን እንጂ የላካትን አያስብም፣ ይህን ስል ማንንም ልሳደብ አይደለም፣ ያየሁትን ነው። የእኔዋ ግን እምቢ እያልኳት ነው የሄደችው። ስትደውል የምታወራው እናቷን ነበር፣ እኔ ተነስቼ ደጅ እቆማለሁ፣ ቁጣዬ እንዲገባት።

የጸሎቱን ሐሳብ ያመጡት መምሬ ጥላሁን ናቸው። "ልጆቹ በር ተቆልፎባቸው ሰንበትን ከሰኞ አይለዩም፣ ይህ ኢንተርኔት የምትሉት ወሬ ካደረሰ ጸሎት ለምን አያደርስም?" አሉ። ምእመኑ አዋጥቶ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛ፣ እኔም በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ገጣጠምኩት፣ ማይክና ስፒከር አያያዝኩለት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ከቤሩት፣ ከዱባይ፣ ከጅዳ በድምፅ ይገባሉ። ደንባችን አንድ ነበር፣ እያንዳንዷ የክርስትና ስሟን ብቻ ተናግራ "ጸልዩልኝ" ትላለች፣ መምሬም ያንን ስም ይዘው ይጸልያሉ። የዓለም ስም የለም፣ የአሠሪ ስም የለም፣ ሰፈርና ስልክ የለም። በእግዚአብሔር ፊት የሚጠራው የክርስትና ስም ነውና ደንቡን ሁላችንም ወደድነው፣ የትኛዋ የማን ልጅ እንደሆነች፣ የት እንዳለች፣ አንጠይቅም ነበር። ትርንጎም ትገባ ነበር፣ አበቡ ድምፅዋን ለይታ ታለቅሳለች፣ እኔ ሽቦዬን አያለሁ።

ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ። ስልኳም ጠፋ። ቆይቶ እዚያው ሕንፃ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ልጅ ለአበቡ ደወለች፣ "ትርንጎ ከፎቅ ወድቃለች፣ አምቡላንስ ሲያነሳት አይቻለሁ፣ ከዚያ ወዲያ የት እንዳደረሷት አላውቅም" አለቻት፣ እሷም ዳግመኛ አልደወለችም። ደላላው ስልኩን ቀየረ። ወደ አዲስ አበባ ወጥቼ ያንኳኳሁት በር ሁሉ ወደ ሌላ በር መራኝ። አስከሬን አልመጣም፣ ሞታለች የሚል ቃልም አልመጣ። ክረምቱ ገባ፣ ወጣ፣ ሽማግሌዎችም ቤታችን መጥተው እርማችሁን አውጡ አሉን።

"አበቡ፣ በቃ" አልኳት። "ልጅቷን በጸሎት እንሸኛት።"

"ስትሄድ ያልሸኘሃትን ዛሬ ምን አጣደፈህ?" አለችኝ።

እኔ ግን ፍትሐቱ እንዲደረግ ቆረጥኩ፣ እሷም በመጨረሻ መከራከሯን ተወች። በየሰንበቱ ስሟን ሲሰሙ የነበሩት ልጆች ፍትሐቷን ካሉበት ሆነው ለመስማት ስለለመኑ፣ መምሬ ጸሎቱን በአዳራሹ ለማድረስ ፈቀዱ።

ያን እሑድ ከምሳ በኋላ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ነበር። ሰይድ መስመሩን አስተካክሎ በሩ ላይ ቆመ።

"ግባ እንጂ ሰይድ" አሉት መምሬ። "አንተ ከሌለህ ጸሎታችን አጥሩንም አይሻገርም።"

"አስተግፊሩላህ! እኔ ቤሩት ድረስ ነው የማደርሰው መምሬ፣ ከዚያ በላይ ያለው መንገድ የእርስዎ ነው" አለ፣ ለቅሶ ላይ የነበሩት ሴቶች እንኳ ፈገግ አሉ።

ልጆቹ አንድ በአንድ ስማቸውን ተናገሩ፣ መስመሩ እየቆራረጣቸው። መምሬ ለሕያዋኑ ጸለዩ፣ ከዚያ ፍትሐቱን ጀመሩ፣ ስሟ ወደሚጠራበትም ደረሱ፣ አፋቸውን ሲከፍቱ መብራት ሄደ። ደሴ ውስጥ መብራት መሄዱ ተአምር አይደለም፣ ማንም አልደነገጠም። አምፖሉ ጠፋ፣ ስክሪኑ ጨለመ፣ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ እያቃሰተ ቆመ። ሰይድ ኢንተርኔት ቤቱን ሊያይ ሮጠ። "ትንሽ እንጠብቅ" አልኩ።

መጀመሪያ ዝናብ መሰለኝ፣ የሚንጠባጠብ ውኃ። ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ፣ ቆርቆሮው ደረቅ ነው። ቀጥሎ ሳህን ከሳህን ሲነካካ ተሰማ፣ በቀስታ፣ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ የምትፈራ ሴት ስታጥብ የሚሰማው ዓይነት። ድምፁ የሚመጣው ከስፒከሩ ነበር። ሴቶቹ ተያዩ፣ አበቡ አልተነቃነቀችም። የተረፈ ኃይል ይሆናል ብዬ ተነሳሁና ሶኬቱን ነቀልኩ፣ እመኑኝ፣ ባትሪ የሚባል ነገር አልነበረንም፣ ገመዱ እጄ ላይ ተንጠልጥሏል፣ የስፒከሩ ቀይ መብራት ጠፍቷል፣ ውኃው ግን መንጠባጠቡን አላቆመም። ከዚያ በር ተዘጋ፣ ቁልፍም ከውጭ ዞረ። ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ አልነግራችሁም ነበር፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው ነው የሰማው። ከስፒከሩ ውስጥ አንዲት ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ወለተ ኪዳን ነኝ፣ ጸልዩልኝ።"

አበቡ ተወርውራ ስፒከሩን በሁለት እጇ ያዘችው። "ትርንጎዬ! የት ነሽ? የት ነሽ ልጄ? ንገሪኝ!"

የሚተነፍስ ሰው ይሰማ ነበር። ደንባችንን አክብራ፣ ካለችው ሌላ አንዲት ቃል አልጨመረችም። ከዚያ ውኃውም ቆመ።

ሰይድ እያለከለከ ተመለሰ። "አቶ ታደሰ፣ መብራት ሲመለስ ዕቃው እንዳይቃጠል መስመሩን ነቅዬዋለሁ። ምን ሆናችሁ?" ሲነግሩት ፊቱ ተለወጠ። "አብሽሩ፣ ሌላ ልጅ ትሆናለች፣ ወለተ ኪዳን የምትባል ስንት አለች።"

"በምን መስመር ገባች?" አልኩት።

የተነቀለውን ገመድ እጄ ላይ አየና "አላሁ አዕለም፣ አላህ ነው የሚያውቀው" አለ።

አበቡ ወደ እኔ ዞረች። "አባቷ አይደለህ? እሷ ናት በላቸው!"

ሁሉም እኔን አየ። የማልዋሽ ሰው ነኝ፣ ልጆቼን ዋሹ ብዬ ገርፌያለሁ። ከሄደች ጀምሮ አነጋግሬያት አላውቅም፣ በአዳራሹም ስሟን ስትል ቀና ብዬ አልሰማኋትም፣ ድምፅዋ ምን እንደሚመስል ከውስጤ ፈለግኩና አጣሁት። "አላውቅም" አልኩ።

መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ቆመው ነበር። መብራት ሲመለስ ሰዉ ይቀጥላሉ ብሎ ጠበቀ፣ እሳቸው ግን መጽሐፉን ዘጉት። "ጸልዩልኝ ላለች ነፍስ ፍትሐት አላደርስም" አሉ። አበቡ እግራቸው ላይ ወድቃ "እንግዲያው ከሕያዋኑ ጋር ይጥሩልኝ" ስትላቸው፣ "ከፎቅ ወድቃ ለተወሰደች ነፍስ እንደ ሕያው ብጸልይና ሞታ ብትሆን፣ ፍትሐቷን የከለከልኳት እኔ ነኝ፣ ልጄ። የሆነውን እስካውቅ ድረስ ስሟን በሁለቱም አልጠራም" አሉና አለቀሱ።

በሚቀጥለው እሑድ ልጆቹን ጠየቅናቸው። በእነሱ በኩል መምሬ ስም ሊጠሩ ሲሉ መስመሩ ተቋርጧል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም አልሰሙም። "ከመካከላችሁ ሌላ ወለተ ኪዳን አለች?" አልን። ማንም አልመለሰም። የሌለች ትሁን፣ የፈራች ትሁን፣ አሠሪዋ የቆመባት ትሁን፣ በምን እናውቃለን? የዓለም ስማችሁን ተናገሩ ብንላቸው ደነገጡ፣ ጥቂቶቹ ወዲያው ወጡ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ጎደሉ፣ ኋላም የሚገባ ጠፋ።

እኔ ያንን ኮምፒውተር ብሎን በብሎን ፈትቼ አይቼዋለሁ። ስፒከሩንም ከፍቼ ሽቦውን በመለኪያ ነክቼዋለሁ። አንድም ብልሽት አላገኘሁም፣ አግኝቼ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ። አንዳንዴ ፋብሪካ ውስጥ ማሽኖቹ ሁሉ ሲቆሙ ያ ውኃ ይሰማኛል፣ የሚያፈስ ቧንቧ እፈልጋለሁ፣ የለም።

ያስከፈለንን ልደምርላችሁ። የኮምፒውተሩን ብር አልቆጥረውም። ልጆቹ ሰንበታቸውን አጡ። ሰይድ ሽቦውን ጠቅልሎ አነሳ፣ ሲያገኘኝ ስለ ሌላ ነገር ያወራኛል። መምሬ ከዚያ ወዲህ ፍትሐት ላይ ስም ከመጥራታቸው በፊት ይቆማሉ፣ ሰዉ እስኪያጉረመርም ድረስ ይቆማሉ። አበቡ ጥቁርም አትለብስ፣ ነጭም አትለብስ፣ ስልኳን ይዛ ትተኛለች። እኔ የራሴን ልጅ ድምፅ እንደማላውቅ በሰው ፊት ተናገርኩ፣ ያንን የሚመልስልኝ የለም። ትርንጎ ደግሞ፣ በሕይወት ካለች ከሕያዋን ጋር የሚጸልይላት፣ ከሞተች ከሙታን ጋር የሚጸልይላት፣ በአገሯ አንድ ቄስ የላትም።