ብረት ያለው ሙሽራ

የተራበ ሰው ብረት ቢቀጠቅጥ ይናቃል እንጂ አይፈረድበትም። በእንዳላማው ላይ ግን አገሩ ሁሉ የፈረደበት ጠግቦ ስለ ቀጠቀጠ ነው። ጥማድ በሬ አለው። የአባቱ መሬት አለው። ጎተራው ጤፍ አጥቶ አያውቅም። ታዲያ ምን ጎድሎበት ነው ከጓሮው ወናፍ ተክሎ ፊቱን በጥላሸት የሚለቀልቀው? ሲጠይቁት መልሱ አንድ ነበር።

«ደስ ይለኛል።»

ይቺ ቃል ናት ያስጠላችው። ደስ ይለኛል የሚባለው ለጠላ ነው፣ ለሠርግ ነው፣ ለፈረስ ጉግስ ነው። ብረት መቀጥቀጥ ደስ ይለኛል ያለ የጨዋ ልጅ ከአምበር እስከ ደብረ ማርቆስ ታይቶ አይታወቅም።

ነገሩ የተጀመረው ጣሊያን ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ መንገድ ሲያስጠርግ ነው። አንድ ካሚዮን ገደል ገብቶ ተሰባበረ። ሰው ሁሉ ጎማውን ለጫማ ሊቆርጥ ሲሻማ፣ እንዳላማው ከሥር ያለውን ረጅም ቆልማማ ብረት፣ እነሱ ባሌስትራ የሚሉትን፣ ተሸክሞ መጣ። ከሞተሩ የተረፈውን ወፍራም ጉማጅ ግንድ ላይ ቸንክሮ መቀጥቀጫ አደረገው። ከፍየል ቆዳ ወናፍ ሰፋ። መዶሻና ጉጠት «ለሰው ነው» ብሎ ዋሽቶ ከገበያ አመጣ። በላዩ የሣር ዳስ ጣለበትና ተፈጸመ።

የዚያ ወናፍ ጉልበት ለጉድ ነበር። የጎረቤት ዶሮ በፊቱ ስታልፍ አንሥቶ ከአጥር ማዶ ጣላት፤ ከዚያ ወዲህ የምትጥለው እንቁላል ሁሉ ጥላሸት የተቀባ ነው። ያላመነ ይተወው፤ እኔ ጠብሼ በልቻለሁ።

እሱ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያየው። ብረቱ መጀመሪያ እንደ በርበሬ ይቀላል፤ ትንሽ ሲቆይ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ይሆናል፤ ያን ጊዜ መዶሻ ሲያርፍበት እንደ ሊጥ ይታዘዛል። ለጥጃው ቃጭል ሠራ፤ ለበሩ ማጠፊያ፤ ለግድግዳው ልብስ መስቀያ። አንድ ቀን የብረት አውራ ዶሮ ሠርቶ ጣራው ላይ ቢተክል የሠፈሩ ሴት ዶሮ በሙሉ ጣራ ላይ አደረ።

የብርጓልን ያገኛት በዚያ ሰሞን ነው። የወንዝ ማዶው የግራዝማች አስማማው ልጅ ናት። ከምንጭ ስትመለስ ከዳሱ ጢስና ፍንጣሪ ሲወጣ አየች። ሮጣ ገባችና በጀርባዋ ያዘለችውን እንስራ ሙሉ ውሃ እሳቱ ላይ ገለበጠችው።

እሳቱ ጮኸ፣ ዳሱ በእንፋሎት ተሞላ። እንፋሎቱ ሲገለጥ ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመዋል፤ እሱ ጉጠት ይዞ፣ እሷ ባዶ እንስራ ታቅፋ።

«አንቺ፣ ምን አድርጌሽ ነው?»

«ቤትህ ሲቃጠል አዳንሁልህ። ተመስገን በል።»

«የሚቃጠለው ቤቴ አይደለም፣ ብረቴ ነው። ያቃጠልሁትም እኔው ነኝ።»

«ሰው በገዛ እጁ ብረቱን ያቃጥላል?»

«ያቃጥላል።»

«ለምን?»

ለሰው ሁሉ ደረቱን ነፍቶ የሚመልሳትን ቃል ያን ቀን ወደ መሬት እያየ አወጣት። «ደስ ይለኛል።»

የብርጓል አልሳቀችም። የጠቆረውን ብረት አየች፤ ከዚያ እሱን አየች። ውሃው ከከሰሉ ሥር ጠብ ጠብ ይላል።

«ምኑ ነው ደስ የሚለው?» አለችው።

እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ «ለምን» ብሎ ይሄድ ነበር እንጂ «ምኑ» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

«ቆይ፣ አንድጄ ላሳይሽ።»

«እንስራዬ ባዶ ነው። አባቴ ይቆጣል።»

«እንግዲያው ቅጂና በዚሁ ተመለሽ።»

ተመለሰች። ከዚያም ወዲህ የግራዝማች ቤት ውሃ ጠምቶት አያውቅም። በበጋ እንኳ ጎመኑ ይጠጣል፣ ውሻው ይታጠባል፣ ግቢው ረግረግ ሆኖ እንቁራሪት ገባበት። ልጂቱ በየሰበቡ እንስራ ታነሣለች፤ ወንዙን ትሻገራለች፤ ከዳሱ ገብታ ወናፍ ትነፋለች። እሱ ይቀጠቅጣል። ሲያቆም ታቆማለች፤ ሲጀምር ትጀምራለች። ብዙ አያወሩም።

በዚህ መሐል ነው ወሬው የተነሣው። የአንዱ ልጅ ሆዱን ታመመ፤ «እንዳላማው አይቶት ነው» ተባለ። የአንዷ ላም ነጠፈች፤ «ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፤ ዓይኑ በላት» ተባለ። ልጁ ጥሬ ባቄላ በእፍኝ ሲቅም አይቻለሁ። ላሟም አርጅታ ጥርስ አልነበራትም። ግን ማን ይሰማል? ያገሩ ቀጥቃጮች ለጣሊያን መንገድ በግዳጅ ተወስደው ነበርና፣ ማረሻው የዶለደመበት ሁሉ አመሻሽ ላይ በእንዳላማው አጥር ሥር አቀብሎ ይሄዳል፤ ሲነጋ ተሠርቶ ይወስዳል፤ ሲወስድ እንትፍ ይላል። በማረሻው አርሰው፣ ዘርተው፣ አጭደው፣ ጠግበው ሲያበቁ «ቡዳው በላን» ይላሉ። ማን ማንን በላ?

«ዓይንህ ይበላል አሉ» አለችው አንድ ቀን ወናፉን እየነፋች።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ይኸው ስንት ጊዜ አየኸኝ፣ አልከሳሁም። እንዲያውም ቀሚሴ ጠበበኝ።»

ቀና ብሎ አያት። እሷም አላቀረቀረችም። ብረቱ እሳት ውስጥ ተረስቶ ተንጨርጭሮ ተበላሸ። እንዳላማው በዓይኑ በላ ከተባለ የበላው ያን ብረት ብቻ ነው።

ሽማግሌ ላከ። የሽማግሌዎቹ አፍ አለቃ አካለ ወልድ ናቸው። ነፍሳቸውን አሳልፈው ቢሰጡ ይሰጣሉ እንጂ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ካገኙ አያሳልፉም። ግራዝማች አስማማው ጋቢያቸውን ደረብ አድርገው ተቀበሏቸው።

«ዘመኑ የብረት ነው» አሉ ግራዝማች። «ጠላት አገር ላይ ተቀምጦ ልጄን ለባዶ እጅ አልሰጥም። ልጁ ብረት አለው?»

በኛ አገር ብረት አለው ከተባለ ጠመንጃ አለው ማለት ነው። አለቃ ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ብረትማ ቤቱን ሞልቶታል። ቢገቡ እግርዎን ያደናቅፍዎታል።»

«ምን ዓይነት ነው?»

«አጭርም አለ፣ ረጅምም አለ። ከጠላት የማረከውም አለበት።»

የግራዝማች ፊት በራ። «ብረት ይነካል ሲሉ ሰምቼ ሌላ ነገር መስሎኝ ነበር።»

«ብረት የማይነካ ወንድ ምን ወንድ ነው?»

«እውነት ነው። ሰጥቻለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እስከ ወንዙ ድረስ እየሳቁ ወረዱ። ግራዝማች ግን የሰሙትን ይዘው አልተቀመጡም። በማግሥቱ አምበር ገበያ መሐል ቆመው «አማቼ ቤቱን ብረት ሞልቶታል» እያሉ ሲኩራሩ ዋሉ። ገበያ ደግሞ ጆሮ አለው፤ ወሬው የጣሊያን ምሽግ ድረስ ዘለቀ።

አንድ የጣሊያን ካፒቴን አስካሪ የሚባሉትን ጥቁር ወታደሮቹን አስከትሎ መጣ፤ ቃሉን ከሚያስተረጉምበት ቱርጁማን ጋር። የእንዳላማውን ጎተራ ገለበጡ፤ መደቡን ቆፈሩ። ጠመንጃ የለም። ዳሱን ሲያዩ ግን የባሰ ተቆጡ። እንዳላማውን የፊጥኝ አስረው፣ ሕዝቡን ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ሰበሰቡ።

«ካፒቴኑ የሚለው እንዲህ ነው» አለ ቱርጁማኑ። «ይህ ዳስ የሽፍታ ጠመንጃ የሚጠገንበት ከሆነ ሰውየው ይሰቀላል። ተራ ቀጥቃጭ ከሆነ ይፈታል። መስክሩ።»

«ቀጥቃጭ ነኝ» አለ እንዳላማው።

«ተከሳሽ ለራሱ አይመሰክርም። ሌላ።»

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ማረሻው የተሠራለት እዚያ ቆሟል። ማጭዱ የተሳለለት እዚያ ቆሟል። አንድ ቃል ናት፤ ቀጥቃጭ ነው ማለት ናት። ማንም አልተነፈሰም። የገዛ እናቱ ወይዘሮ ሥራነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ።

«ልጄ የጨዋ ዘር ነው» አሉ። «በሰባት ቤቱ ብረት የቀጠቀጠ የለም።»

«እንግዲያው ሽፍታ ነው?»

«ሽፍትነት የወንድ ነው፤ አያዋርድም» አሉና እንባቸውን ጠረጉ።

ሰውም ራሱን ነቀነቀ፤ እናቲቱ ጥሩ ተናገረች ብሎ። ተሰቅሎ ቢሞት ስሙ ይቀራል፤ ተፈትቶ ቢኖር ቀጥቃጭ ተብሎ ይቀራል። ምን ይሻላል? መከሩ፣ አመዛዘኑ፣ ገመዱን መረጡለት። ግራዝማች አስማማውም ከዘራቸውን ተክለው «የኔ አማች ቀጥቃጭ ሊሆን አይችልም» አሉ። አለቃ አካለ ወልድን አየኋቸው። ያን ቀን ሁለት ትርጉም ያለው ቀርቶ አንድ ትርጉም ያለው ቃልም ከአፋቸው ጠፍቶ ነበር።

«ቀጥቃጭ ነው።»

ከሴቶቹ መሐል የብርጓል ናት። እየገፈታተረች ወጣች።

«አንቺ ማን ነሽ?» አለ ቱርጁማኑ።

«ወናፍ የምነፋለት ነኝ። እሱ ቀጥቃጭ ከሆነ እኔም ቀጥቃጭ ነኝ።»

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ያዙ። አንድ ቃል ተናግራ ከጨዋ ቤት ወጣች፤ ከዚያ በኋላ በአገሩ ማንም አያገባት፣ ማንም አይበላላት።

«ዝም በይ፣ የብርጓል» አሉ አባቷ። «ላንቺ ክብር ብዬ ነው።»

«ለኔ ክብር ሰው ያሰቅላሉ፣ አባዬ? ክብሬ ይህን ያህል ገመድ የሚፈጅ አይመስለኝም ነበር።» ወደ ቱርጁማኑ ዞረች። «ይፍቱትና ይዩ።»

ፈትተውት ሕዝቡን ሁሉ ወደ ዳሱ ነዱ፤ እዚያም ካፒቴኑ ከበቅሎው ኮርቻ የተሰበረውን ዘለበት አውጥቶ ወረወረላቸው። የብርጓል ቀሚሷን ሰብስባ ከወናፉ ሥር በርከክ አለች፤ አገር እያያት፣ አባቷ እያዩዋት ነፋች። ገመዱ የበላው የእንዳላማው ክንድ መጀመሪያ መዶሻውን ከዘለበቱ ጎን አሳረፈው። እሷ ነፋ አድርጋ ጠበቀችው። ቀና ብሎ አያት፤ ክንዱ ጸና። ዘለበቱ ተሠራ።

ካፒቴኑ ዘለበቱን ወሰደ፤ አላመሰገነም። መዶሻውንም ወሰደ፣ ሌባ። ሄዱ።

ሰው ተፈትቶ ሲመጣ እልል ይባላል። ለእንዳላማው ማንም እልል አላለም። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ኋላቸው ሳቡ። ግራዝማች በቅሏቸው ላይ ወጡና «ልጅ አልነበረኝም» ብለው ሄዱ።

ሠርጉ በግንቦት ማለቂያ ሆነ። ሙክት ታረደ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ መሶቡ ተደረደረ። ወይዘሮ ሥራነሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቢሆንም መጥተው ተቀመጡ። ከእሳቸውና ከኔ በቀር የመጣ የለም። ከቀጥቃጭ ቤት አይበላማ! እኔ ላገሩ ሁሉ ልብላ ብዬ ታጥቄ ጀመርሁ፤ ግማሹን ሙክት ጨርሼ ቀንዱ ሲቀረኝ ደከመኝ።

«ቆጨሽ?» አላት እንዳላማው ባዶውን የሠርግ ዳስ እያየ።

«አዎ፣ ቆጨኝ።»

ሙሽራዋ ጉልበቱ ላይ እጇን አሳረፈች።

«የቆጨኝ የበረደው ወጡ ነው። አንተማ አልበረድህም» አለችው።

ያን ጊዜ ከአጥሩ ውጭ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ። ጮቄ ተራራ ላይ ደመናው ጠቁሯል፤ ሰኔ ደርሷል፤ ሰው ሁሉ የዶለደመ ማረሻውን ታቅፎ በአጥሩ ዙሪያ ቆሟል።

«ሙሽራው ሥራ ይዟል?» አለ አንዱ በአጥሩ ቀዳዳ።

እንዳላማው ሊነሣ ሲል የብርጓል ትከሻውን ያዘችና ራሷ ወጣች። ከነጥልፏ፣ ከነኩሏ በሩ ላይ ቆመች።

«ግቡና ብሉ» አለች። «ከዚህ ቤት ያልበላ ሰው ማረሻ እዚህ ቤት አይሠራም።»

«እኛ እንኳ ጠግበናል፣ እሜቴ።»

«ማረሻችሁም ጠግቦ ይሆናል።»

ነጎድጓድ መጣ። ተያዩ። አንዱ ማረሻውን ጥሎ ገባ፤ ሁለተኛው ተከተለ። ጥቂት ቆይቶ ዳሱ ሞላ። ቡዳ የሚፈራ አፍ እንዲህ ሰፊ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

አንድ አራሽ ብቻ ሁለት ማረሻ ይዞ ከደጅ ቀረ። የብርጓል አንደኛውን አየችው።

«ይኼ የማን ነው?»

«የግራዝማች ነው፣ እመቤቴ። አደራ ብለው...»

«ያንተን አምጣና ግባ፣ ብላ። ያንን ግን ባለቤቱ ያምጣው።»

አራሹ በላና የግራዝማችን ማረሻ ይዞ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። እሷ የአንድ ሰው ድርሻ ከፍላ፣ ከድና አስቀመጠች። እንዳላማው አጠገቧ ቆመ።

ግራዝማች አስማማው በበቅሎ መጡ። ማረሻውን ራሳቸው ተሸክመው ወረዱ። ጣራውን አዩ፣ መሶቡን አዩ፣ የተሰበሰበውን ሰው አንድ ባንድ አዩ፤ ልጃቸውን ብቻ አላዩም። መደቡ ላይ ተቀመጡ። የብርጓል ክዳኑን ከፈተችላቸው። አንድ ጉርሻ ቆርሰው፣ አጥቅሰው፣ ቀስ ብለው አላመጡ።

ዋጡ።

«ጨው ያንሰዋል» አሉ።

«ያንሰዋል፣ አባዬ» አለች የብርጓል፤ ጨው ልታመጣ ግን አልተነሣችም፣ ሲጎርሱ እያየች አጠገባቸው ተቀመጠች እንጂ።