የፈረስ ጭራ ሹሩባ

የመቶ አለቃ ሥዩም ሬሳውን ከማስወረዱ በፊት ቆም ብሎ አንገቱን አየ። ቻይናዊው ሽማግሌ፣ አቦይ ሊ፣ ከጣሪያው አግዳሚ በገዛ ሐሩ ተንጠልጥሏል። በርጩማው ከእግሩ ሥር ተገልብጧል። ጊዜው 1940 ዓ.ም.፣ የካቲት በባተ ማግስት ነበር።

አቦይ ሊ በጣልያን ዘመን ሐር ተሸክሞ በምጽዋ በኩል የመጣ ነጋዴ ነው። ጣልያን ሲወጣ እሱ መቀሌ ቀረ። ከወይዘሮ ሐቢባ፣ ከወሎዬዋ ባልቴት ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ከአገሯ ልጅ ከጀላሉ ጋር ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ሥዩምም ከሥራ ሲወጣ ጎራ እያለ ሻዩንና ወሬውን ለምዶ ነበር።

የፖሊስ አለቃው ግን ጠዋት ሥዩምን ሲልከው ነገሩን ቆርጦታል። «አገር የሌለው ሽማግሌ ራሱን ሰቀለ፤ ቶሎ ቅበሩት። አይደለም ካልክ ደግሞ ጨርቁ የሚቀርለት ወሎዬ አለልህ።»

ሬሳው ሲወርድ ሥዩም ሐሩን ፈታ። ወደ ጆሮ ሽቅብ ከሚወጣው ደብዛዛ የስቅላት ሰንበር በታች ሌላ ጠቆር ያለ ሰንበር አንገቱን እንደ ቀለበት ዞሮታል። ከኋላ አንቀው ከገደሉት በኋላ ነው የሰቀሉት። ይህን ቢናገር ግን መጀመሪያ የሚታሰረው ጀላሉ ነው።

ወለሉ ንጹሕ ሆኖ ተጠርጓል። ጓሮ ካለው የአመድ ቁልል ላይ የሲኒ ስባሪና የዱባ ፍሬ ቅርፊት ተደባልቆ አገኘ።

«አደይ ሐቢባ፣ ትናንት ማታ እዚህ ማን ነበር?»

«እኔ፣ ጀላሉና አቶ ከፋለ። የእነሱ ዓመት መለወጫ ዋዜማ ነው ብሎ እራት ጋበዘን።»

አቶ ከፋለ ከመሀል አገር የመጣ ጸሐፊ ነው። መቀሌ ከገባ ጥቂት ወር ቢሆነው ነው፤ አርበኛ ነበርኩ ስለሚል ለሹመት ታጭቷል።

«ምን አወጋችሁ?»

«ስለ አገሩ ነገሥታት። በልጅነቱ ወንድ ሁሉ ሹሩባ ነበረው አሉ፤ ሹሩባውን የቆረጠ አንገቱ ይቆረጣል። ልጁ ንጉሥ ከዙፋን ሲወርድ ደግሞ ወታደር መቀስ ይዞ ከከተማው በር ላይ ቆመና ያልቆረጠውን ያዋርድ ጀመር። ጥቂት ዓመት ቆይቶ አንድ ጀኔራል ያንኑ ልጅ ንጉሥ ዙፋኑ ላይ መለሰው። ያኔ የፔኪን ሰው ምን አደረገ መሰለህ? ከፈረስ ጭራ የተጎነጎነ ሹሩባ እየገዛ ቆቡ ላይ ሰፋ! ጀኔራሉ ወዲያው ሲሸሽ መንገዱ ሁሉ የተጣለ ሹሩባ ሆነ። እኛ ሳቅን። አቦይ ሊ ግን ሳይስቅ፣ ‹የፈረስ ጭራ የሰፋ ሰው እዚህም አለ› አለ። አቶ ከፋለ ሥራ አለብኝ ብሎ ያን ጊዜውኑ ተነሥቶ ሄደ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አቦይ ሊ በሩ ላይ ቀይ ሐር ሰቀለ፤ ለደስታ ነው። ቅርፊቱን ልጥረግ ብል እጄን ያዘኝ። ‹በዓመት መለወጫ ቤቱን የጠረገ ዕድሉን ይጠርጋል› ብሎ መጥረጊያውን ከበሩ ኋላ ሸሸገው። ከዚያ እኔና ጀላሉም ለመኝታ ሄድን። ጠዋት ሬሳውን ሳይ ቀዩን አነሣሁት። ሬሳ ባለበት ቤት ቀይ ምን ያደርጋል?»

«ከማንሣትሽ በፊት ሌላ ሰው አይቶት ነበር?»

«ወላሂ፣ ማንም ሳይመጣ ነው ያነሣሁት።»

ጀላሉ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ቀና አላለም።

«አቶ ከፋለ ከሄደ በኋላ አቦይ ሊ ምን አለህ?»

«ምንም።»

«ፈርተሃል።»

«ስደተኛ ነኝ፣ የመቶ አለቃ። የኔ ቃል ከማን ቃል ይበልጣል?»

ሥዩም አልተጫነውም። ወደ አቶ ከፋለ ቢሮ ሄደ።

«ያሳዝናል» አለ ከፋለ፣ ወንበሩን እየሳበለት። «ግን ሊሞት የቆረጠ ሰው ነው። በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ሰቅሎ አልነበር? የደም ምልክት ነው።»

«ስለ ጨርቁ ማን ነገረዎት?»

«ማንም። ለእራት ስገባ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«ከወጡ በኋላ አልተመለሱም?»

«ለምን ብዬ!»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በሐቢባ ግቢ ተሰበሰቡ። አለቃውም ተቆጥቶ መጣ።

«ሰውየው ታንቆ ነው የተሰቀለው» አለ ሥዩም፣ ሁለቱን ሰንበሮች ካሳየ በኋላ። «ሲታገል ሲኒው ተሰበረ። ገዳዩ የትግሉን ምልክት ለማጥፋት ስባሪውን ከቅርፊቱ ጋር ጠርጎ ጣለው። ሐቢባና ጀላሉ ግን አቦይ ሊ ዛሬ ወለሉን እንደማያስነካ ያውቁ ነበር። ራሱን ሰቀለ ለማስባል የፈለገ የቤቱ ሰው፣ ሟቹ በዚህ ቀን ከቶ የማያደርገውን አያደርግም። የጠረገው ያን ቃል ያልሰማ፣ ቀድሞ የወጣ ሰው ነው።»

«ያ እኔን ወንጀለኛ ያደርገኛል?» አለ ከፋለ።

«አያደርግም። ቀዩ ሐር ነው የሚያደርግዎት። ሲገቡ አልተሰቀለም ነበር። የተሰቀለው እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው፤ የተነሣው ደግሞ ማንም ሳይመጣ። ያዩት ተመልሰው መጥተው በሩን ሲያንኳኩ ነው።»

«በአንዲት ባልቴት ቃል!»

ጀላሉ ያን ጊዜ ተነሣ።

«በእኔም ቃል። አቶ ከፋለ ከወጣ በኋላ አቦይ ሊ ነግሮኛል። ደሴ ላይ ሐር ሲሸጥ ይህን ሰው አይቶታል፤ ያኔ ከፋለ ለጣልያን ያስተረጉም ነበር። ጣቱን የቀሰረበት ሰው ይሰቀል ነበር። ነገ እናገራለሁ ብሎኝ ነበር።»

ከፋለ አንድ በአንድ ፊታቸውን አየ፤ ከአለቃው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«መንግሥት በተለዋወጠ ቁጥር የለበሰውን ያላወለቀ ማን አለ? እርስዎ አላወለቁም?»

አለቃው ዓይኑን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ በቀስታ፣ «እሰረው» አለ።

ሬሳውን ካህናቱም አልተቀበሉት፣ መስጊዱም አመነታ። ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ግርጌ፣ ሥዩምና ጀላሉ እየተፈራረቁ ድንጋያማውን መሬት ቆፈሩ።

«ፊቱን ወዴት እናድርገው?» አለ ጀላሉ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ።

ሥዩም አገሩ በየት በኩል እንደሆነ ጠይቆት አያውቅም። ጥቂት አሰበና ፀሐይ ወደምትወጣበት አመለከተ። ሐቢባ ሥዩም ሰምቶት በማያውቀው የአገሯ ሙሾ ስታለቅስ፣ አፈሩን መለሱበት።