ራዳር ያየው

ሰዓቱ የተሰቀለው ከጥቁር ሰሌዳው በላይ፣ ጣሪያው ሥር ነበር። ስንት ደቂቃ እንደቀራት ለማወቅ ቀና ስትል ክፍሉ ተነሥቶ ዞረ።

ሰሌዳው ወደ ጎን ሸሸ። መስኮቱ ተከተለው። ግድግዳው፣ ሰዓቱ፣ ከፊቷ የተቀመጡት ልጆች ጀርባ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይሮጥ ጀመር። እስክሪብቶዋ ከእጇ ወደቀ። የምትይዘው ነገር ፍለጋ ቀኝ እጇን ስትዘረጋ ያገኘችው የጎረቤቷን ዴስክ ነበር፤ ጠርዙን ጨምድዳ እንደያዘች መላ ሰውነቷ ወደዚያው ዘመመ። ዓይኖቿን አንድ ቦታ ላይ ልትተክላቸው ሞከረች። አልታዘዟትም።

ለእሷ ግማሽ ሰዓት መስሏት ነበር፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ክፍሉ ቀስ እያለ ሲቆም የፊዚክስ ፈተና ወረቀቷ ከፊቷ የለም። ወረቀቷን ይዞ አጠገቧ የቆመው ራዳር ነው።

ራዳር የኬሚስትሪ መምህር ነው። ሠላሳ ዓመት ሲፈትን አንድ የኩረጃ አጤሬራ አምልጦት አያውቅም ይባላል፤ እጅጌ ውስጥ የተደበቀውንም፣ ማስመሪያ ጀርባ ላይ የተጻፈውንም እንደ ማግኔት ይስበዋል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ከብዙ ዓመት በፊት የተመረቁ ተማሪዎች ናቸው፤ እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፈዋል።

«ዓይንሽን አይቼዋለሁ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «እየሄደ ይመለሳል። ተነሽ፣ ውጪ።»

ልትመልስለት ስትል ማቅለሽለሹ ቀደማት። በሩ ጋ እስክትደርስ ሁለት ዴስክና አንድ ግድግዳ ተደግፋለች። ከኋላዋ አንድ ሁለት ልጆች ሲስቁ ሰማች።

በትምህርት ቤቱ «መረብ» ነው የሚሏት። የሴቶች እግር ኳስ ቡድን በረኛ ናት። ኳስ ሁሉ መረቡ ጋ ሳይደርስ እሷ ላይ ስለሚያርፍ፣ አሰልጣኙ አንድ ቀን «እኛ ዘንድ መረቡ ያለው ከጎሉ ፊት ነው» ብሎ አሳቃቸውና ስሙ በዚያው ጸናባት። ማዞሩም የመጣው ከዚሁ ከጎል ነው። ከአምስት ቀን በፊት ልምምድ ላይ ጥግ የያዘች ኳስ ለማውጣት ስትወረወር የጎሉ ቋሚ ብረት ከቀኝ ጆሮዋ ጀርባ መታት። ጆሮዋ ትንሽ ጮኸባት፤ ተነሣች፣ ትከሻዋን አራገፈች፣ ሳቀች። በማግስቱ ጠዋት አልጋዋ ላይ ወደ ቀኝ ስትገላበጥ ግን ቤቱ አብሯት ተገለበጠ።

ለማንም አልተናገረችም። እናቷ በረኝነቱን ከመጀመሪያው አልወደደችውም፤ «አንድ ቀን ጭንቅላቴን ብለሽ ብትመጪ ያንን ጓንትሽን ነው የማቃጥለው» ብላታለች። ቅዳሜ ደግሞ ግማሽ ፍጻሜ አለ። ስለዚህ መረብ በግራዋ መተኛት ለመደች። ጎንበስ ሳትል፣ እግሯን ወንበር ላይ አውጥታ ጫማዋን ማሰር ለመደች። በአምስት ቀን ውስጥ ከማዞር ጋር ተግባብታ መኖር የቻለች መስሏት ነበር፤ ሰዓት ማየት እንደሚከለከል ብቻ አላወቀችም።

የያዘችው ዴስክ የቅርብ ጓደኛዋ የሬዲዮ ነበር። ሬዲዮ ከተከፈተች የምትዘጋ ልጅ አይደለችም፤ ስሟም የመጣው ከዚያ ነው። ፈተናው እንዳበቃ ደረጃውን እየሮጠች ወጥታ ምክትል ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ደረሰች። መረብ አንገቷን ደፍታ ቆማለች፤ ራዳር ያየውን ተናግሮ ጨርሷል። ሬዲዮ ማንም ሳይጠይቃት ጀመረች። መረብ እንዳልኮረጀች፣ ይልቅስ ጠዋት ጠዋት ምንም ሳትቀምስ እንደምትመጣ፣ እቤታቸው ትንሽ ችግር እንዳለ፣ እሷ ግን አፍራ እንደማትናገር፣ ዛሬም ርቧት አዙሯት እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ አወረደችው።

የምክትሏ ፊት ለሰለሰ። ማስታወሻ ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ከዚያ ወሰነች፦ መረብ አሁኑኑ ክሊኒክ ትሂድ፤ መታመሟን የሚያሳይ ወረቀት ካመጣች ፈተናውን ትቀጥላለች፣ ካላመጣች ዜሮ ነው። ያየው እሱ ስለሆነ ራዳር አብሯት ይሂድ። እናቷም ተደውሎላት በዚያው ትምጣ።

ኮሪደሩ ላይ መረብ የጓደኛዋን ክንድ ያዘች። «ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«አዳንኩሻ።»

«እናቴ እኮ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው።»

ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች። «ውይ» አለች ቆይታ። «እሱን ረሳሁት።»

እናቷ ክሊኒኩ የደረሰችው የሥራ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ ነበር። እስከ ክርኗ ድረስ ዱቄት ነው። የልጇን ግንባር ዳሰሰች፣ አገጯን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረቻት፣ ከዚያ አጠገቧ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ራዳር ብድግ ብሎ በአክብሮት ሰላም አላት። ክፉ ሰው አይደለም፤ መርዳቱ ነው። ይህ ማንንም ቤት የሚያጋጥም ነገር እንደሆነ፣ የሚያሳፍር ምንም እንደሌለው፣ ቁርስ ከቸገረ ትምህርት ቤቱ አንድ መላ እንደማያጣ ቀስ ብሎ ነገራት።

«የምን ቁርስ?» አለች እናቷ።

ገና ሳይነጋ ከቤት ስትወጣ ሁለት ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ የማታስቀምጥበት ቀን የለም። ይህን ለመምህሩ አልተናገረችም። አልተቆጣችምም። ልጇን አየቻት፣ ከዚያ ዱቄት የለበሱ እጆቿን አገላብጣ አየች። መረብ የጎል ብረቱ ሲመታት እንኳ እንደዚህ አላመማትም። አፏን ልትከፍት ስትል ግን ተራዋ ደርሶ ተጠሩ።

ሐኪሟ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ትምህርት ቤቱ የላከውን ማስታወሻ አነበበች። የመረብን የደም ግፊት አንዴ አስተኝታ፣ አንዴ አቁማ ለካች። ጣቷን ወግታ የደምና የስኳር ምርመራ አስደረገች። ሁሉም ደህና ነው። ወረቀቱን ገፋ አድርጋ ተሽከርካሪ ወንበሯን ወደ መረብ አስጠጋች።

«እዚህ የተጻፈው እውነት ከሆነ፣ ቁርስሽን ብዪ ብዬ ልሸኝሽ ነው» አለቻት። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማዞር ሲባል ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይመስለዋል፤ አይደለም። ስትነሺ ዓይንሽ ጭልም ብሎ ልትወድቂ ነው የሚመስልሽ? እሱ ብዙ ጊዜ ከውሃ ማነስ፣ ከደም ማነስ፣ ካለመብላት ይመጣል። ወይስ አንቺ ባለሽበት ሆነሽ ክፍሉ ነው የሚዞረው?»

መረብ እናቷን አየች። የመጀመሪያውን ብትመርጥ ነገሩ እዚህ ጋ ያበቃል። የሬዲዮ ታሪክ ይጸናል፣ ወረቀቱ ይጻፋል፣ ቅዳሜም ጓንቷን ታጠልቃለች። እናቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

«ክፍሉ ነው የሚዞረው» አለች። «ቁርስ በልቻለሁ። ሁልጊዜም እበላለሁ። እማ፣ የጎሉ ብረት መትቶኝ ነው። አምስት ቀን ሆኖኛል።»

እናቷ በረጅሙ ተነፈሰች።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ተከታተለ። ስትመታ ራሷን ስታ ነበር ወይ፤ ኃይለኛ ራስ ምታት አላት ወይ፤ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያታል ወይ፤ ምላሷ ተሳስሯል፣ እጅ እግሯ ደንዝዟል ወይ። ሁሉንም አይ አለች። ሐኪሟ አንገቷን ዳሰሰች፣ በእጆቿ እንድትገፋት አደረገች፣ የመረብን ጣት ከልጅቷ አፍንጫ ወደ ራሷ ጣት አስመላለሰች፣ ወለሉ ላይ ባለው መስመር አስኬደቻት። የሚያዞራት መቼ መቼ እንደሆነ ስትጠይቃት መረብ ነገረቻት፦ ወደ ቀኝ ስትገላበጥ፣ ጎንበስ ስትል፣ ቀና ስትል።

«ሲያዞርሽ ዓይንሽን ያየ ሰው አለ?»

አብሯቸው ገብቶ በሩ አጠገብ የቆመው ራዳር ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ አይቻለሁ» አለ። «ቀስ ብለው ይንሸራተታሉ፤ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ዘለል ብለው ይመለሳሉ። ደግሞ ይንሸራተታሉ። እኔ የጎረቤቷን ወረቀት የምታይ መስሎኝ ነበር።»

«ምን ያህል ቆየ?»

«ሠላሳ ሰከንድ ገደማ። ሰዓት ማየት ልማዴ ነው።»

ሐኪሟ ፈገግ አለች። ብዙ ሕመምተኛ የሚመጣው ማዞሩ ካለፈ በኋላ እንደሆነ፣ ዓይን የሚሠራውን በዚህ ልክ አይቶ የሚነግራት ሰው ግን እምብዛም እንደማታገኝ ነገረችው። ራዳር መነጽሩን አውልቆ ይወለውል ጀመር።

ከዚያ አስረዳቻቸው። በውስጠኛው ጆሮ ፈሳሽ የያዙ ሦስት ቀጫጭን ጎባጣ ቱቦዎች አሉ። ጭንቅላት ሲዞር ፈሳሹ ይንቀሳቀስና ለአንጎል ወሬውን ያደርሳል። ከእነሱ አጠገብ ደግሞ እንደ ደቃቅ አሸዋ ያሉ ጠጠሮች አሉ። አንዳንዴ በመመታት፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ምክንያት ከቦታቸው ይላቀቁና አንዱ ቱቦ ውስጥ ይገባሉ። ያኔ ሰውየው ቀና ሲል ይንከባለላሉ፣ ፈሳሹን ይገፉታል፣ ጆሮ «እየዞርን ነው» ብሎ ያወራል። አንጎልም አምኖ ዓይንን አብሮ ያዞራል።

እናቷ ግንባሯን ቋጥራ ስታዳምጥ ቆየች። «የሊጥ ማሽናችን አንድ ሰሞን እንደዚህ ሆኖብን ነበር» አለች። «ሦስት ቀን ሙሉ ሲያጓራ አሮጌ ነው፣ አበቃለት ብለን ተስፋ ቆረጥን። ሲፈታ የተገኘችው የተላቀቀች አንዲት ብሎን ናት።»

«ይኸው ነው» አለች ሐኪሟ። «እኛ ደግሞ መፍታት ሳያስፈልገን ብሎኗን ወደ ቦታዋ እናንከባልላታለን።»

መረብን አልጋው ላይ አስቀምጣ ጭንቅላቷን ወደ ቀኝ አዞረችው፤ ከዚያ ደግፋ በጀርባዋ አጋደመቻት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ ምንም አልነበረም። ከዚያ ጣሪያው ተነሥቶ ሮጠ። መረብ የእናቷን እጅ ጨመቀች። ዓይኗን እንዳትጨፍን ሐኪሟ አባበለቻት፤ ራዳርንም ጠርታ ጠጋ ብሎ እንዲያይ ጋበዘችው። እሱም ፈተና ክፍል ውስጥ እንደሚያደርገው ጎንበስ ብሎ አየ።

«ይኸው» አለ ቀስ ብሎ። «ይኸው ነው ያየሁት።» ከዚያ ወደ በሩ ተመለሰ።

ማዞሩ ሲቆም ሐኪሟ ጭንቅላቷን ወደ ግራ አዞረችው፤ ጠበቀች። በግራ ጎኗ አስተኝታ ፊቷን ወደ ወለሉ አስደፋቻት፤ ጠበቀች። በመጨረሻም ደግፋ አስነሣቻት። ትንሽ አስቀምጣት ሁሉንም ከመጀመሪያው ደገመችው። በሁለተኛው ዙር መረብ በጀርባዋ ተጋድማ ጣሪያውን እያየች መጠበቅ ያዘች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሥር። ጣሪያው ላይ ከአምፖሉ እስከ ጥግ የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ አለ። ስንጥቁ ካለበት አልተነቃነቀም።

«ቆመ» አለች። በአምስት ቀን ውስጥ ሳያዞራት ወደ ላይ ያየችው ገና አሁን ነው። «ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ እዚያው እንደተጋደመች እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ፤ እናቷም በክርኗ ልትጠርግላት ስትሞክር ፊቷን ዱቄት አደረገችው። ሦስቱም ሴቶች ሳቁ።

ሐኪሟ ወረቀቱን እየጻፈች የሚቀረውን ነገረቻቸው። ጠጠሮቹ አንድ ቀን ሊመለሱ ይችላሉ፤ ከተመለሱ እንዲሁ ማስተካከል ነው። ራስ ምታት ወይም ትውከት ካመጣባት ግን ሳትውል ሳታድር ትምጣ። ጭንቅላቷ ስለተመታ ደግሞ ሁለት ሳምንት ኳስ የሚባል የለም። መረብ ራሷን ነቀነቀች። ቅዳሜ ትዝ ብሏት ከንፈሯን ነከሰች፤ ክፉኛ አልከፋትም ግን። ራስን ነቅንቆ አለመዞር በራሱ ትልቅ ነገር ሆኖባታል።

ከክሊኒኩ ሲወጡ ራዳር ደረጃው ላይ አቆማት። ወረቀቷ እሱ ጋ እንዳለ፣ ነገ ጠዋት ቢሮው መጥታ ያልጨረሰችውን እንደምትጨርስ ነገራት። ከዚያ ትንሽ ተንተባተበ። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ» አላት።

«ቲቸር፣ እርስዎ ባያዩኝ እኮ ምን እንደሆነ አይታወቅም ነበር» አለችው። «አመሰግናለሁ።»

ከልቧ ነበር። እሱ ግን ያልተገባውን ስጦታ እንደተቀበለ ሰው መነጽሩን ደግሞ አወለቀና ቀድሟቸው ሄደ።

እናትና ልጅ ቀስ ብለው ተከተሉት።

«ጓንቱን አቃጥላለሁ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች እናቷ። «እንደዚያ ባልል በመጀመሪያው ቀን ትነግሪኝ ነበር።»

መረብ ክንዷን በእናቷ ክንድ ውስጥ አስገባች፤ እናቷም ወደ ሊጧ የምትመለስበት መታጠፊያ እስኪደርስ እንደዚያው ተያይዘው ሄዱ።

ሬዲዮ የሁለቱንም ቦርሳ አንጠልጥላ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ነገሩን ሁሉ በጥያቄ እያቋረጠች ሰማች። ስትጨርስ ትንሽ አሰበችና፣ እንደዚያ ከሆነ ክሊኒክ ያስላካት ያ ውሸት ስለሆነ በአንድ በኩል እሷም አክማታለች ማለት እንደሆነ አስረዳች። መረብ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ያን ሁሉ ደረጃ ሮጣ የወጣችላት እሷ ብቻ እንደሆነች ታውቃለች።

«አመሰግናለሁ» አለቻት። «የእውነቴን ነው። ግን ምክትሏ ደብተሯ ላይ የጻፈችው ስለ እናቴ ነው።»

ሬዲዮ ጫማዋን አየች። «ለምክትሏ እኔ ልንገራት?»

«እኔ እነግራታለሁ። አንቺ አጠገቤ ቁሚ ብቻ።»

ኮሪደሩ ባዶ ነበር። መረብ ከምክትሏ ቢሮ ፊት ስትደርስ ፊቷ ላይ የቀረውን ዱቄት በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ አንኳኳች።